ሃያ ሦስት ደረጃ

የሰፈራችን ምክር ቤት የሚሰበሰበው ፎቅ ላይ ነው። ከታች እስከ ላይ ሃያ ሦስት ደረጃ አለ። የቆጠርኩት እኔ ሳልሆን አክስቴ ናት። ስድስተኛው ላይ ቆማ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የቀረውን በዓይኗ ነው የቆጠረችው። ከዚያ በላይ ጉልበቷ እምቢ አላት።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ስትረግጥ ኖራ፣ እግሯ ያለቀው ተቀምጣ ነው። "ሳይሄድ ያረጀ እግር" ትለዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስብሰባው ምድር ቤት ወዳለው ባዶ አዳራሽ ይውረድ፣ ጉልበት የሌለውም ሰው ገብቶ ይናገር። ይህን አቤቱታ ካስገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ችግሩ፣ በደንባችን መሠረት አቤት ባይ በአካል ቀርቦ ማስረዳት አለበት። የት? ፎቅ ላይ።

እኔ ደግሞ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ፣ በገዛ እጄ "አቤት ባይዋ ስላልቀረቡ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል" ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚያ ቤት እገባና አቤት ባይዋ የሠራችውን ምሳ እበላለሁ።

"ዛሬስ ምን አላችሁ?"

"ተላልፏል።"

"እሰይ! ከእኔ ይልቅ ወረቀቱ ይሄዳል ማለት ነው።"

አንድ ጊዜ ሰብሳቢው አዝነውላት፣ ሁለት ዘበኞች በወንበር ተሸክመው እንዲያወጧት ሐሳብ አቅርበው ነበር። መልእክቱን አደረስኩ። አክስቴ መርፌዋን ከአፏ አወጣች። "ንገርልኝ" አለች፤ "እኔን ሰው የሚሸከመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ አቤቱታ የለኝም።"

ሰብሳቢያችን ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው። ስለ ለውጥ በተነሳ ቁጥር መነጽራቸውን አውልቀው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ። ያወለቁትን መነጽር ፈልገው እስኪያገኙት ሰዓቱ ያልቃል።

አባላቱ አሥራ አንድ ናቸው። አሠራራቸውም ቀላል ነው፦ ይመጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይሄዳሉ። ባለ ዳቦ ቤቱ ሊጥ አቡክቶ ነው የመጣው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ሱቁን ክፍት ትቶ፣ የጥርስ ሐኪሟ ደግሞ የሰው አፍ አስከፍታ። ላይ የምንቀረው ሰብሳቢውና እኔ ነን። ሁሉም ነገር በሙሉ ድምፅ የሚጸድቀውም ለዚህ ነው።

ከሦስት ወር በፊት ታዲያ አባላቱ ለአንድ ፊርማ ሃያ ሦስት ደረጃ መውጣት ሰለቻቸው። አመለከቱ፤ በዚያው ቀን ተፈቀደላቸው። የፊርማ መዝገቡ ከነጠረጴዛው ወርዶ ምድር ቤት አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። "ለአባላት ምቾት ሲባል" ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ምሳ ላይ ለአክስቴ እንደ ቀልድ ነገርኳት። አልሳቀችም። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"መዝገቡ የት ነው ያልከኝ?"

በሚቀጥለው ስብሰባ ቀን በጠዋት መጥታ ከመዝገቡ አጠገብ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ሜትሯ እንደ ወትሮው አንገቷ ላይ ነው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ የገባው ባለ ዳቦ ቤቱ ነበር። ፈረመና ዞረ።

"ወዴት ነው ልጄ?"

"አይ እትዬ፣ ሊጡ ኩፍ እንዳይልብኝ..."

"ለሠርግህ የሰፋሁልህ ሱሪ ዛሬም ይገባሃል?"

"ኧረ የት!"

"ቁም እስኪ።" ወገቡን ለካችው። "አራት ጣት ጨምረሃል። ሊጡስ አንተ ጋ ነው ኩፍ ያለው። በል ተቀመጥ፣ ስብሰባው ተስማምቶሃል።"

ባለ መድኃኒት ቤቱ ቀጠለ። "አንተ የሸጥክልኝን ቅባት ስድስት ዓመት ተቀባሁ" አለችው። "ምናልባት መቀባት የነበረበት ደረጃው ይሆን?" እሱም አፍሮ ተቀመጠ። የጥርስ ሐኪሟ ሁለቱን ስታይ "ምን ተገኘ?" ብላ ሦስተኛ ሆነች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰባት ሞሉ። ሰው ከተቀመጠ ደግሞ ያወራል። ባለ ዳቦ ቤቱ ስለ ተደፈነው ቦይ አነሳ። የጥርስ ሐኪሟ "የደፈነው ያንተ ጆንያ ነው!" አለችው። ተጯጯሁ።

ጩኸቱ ሰብሳቢውና እኔ እስካለንበት ፎቅ ድረስ ተሰማ። ሰብሳቢው "ውረድና ጸጥ አሰኛቸው" አሉኝ። ወረድኩ። ጸጥ ላሰኝ አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን እጄ ብዕሩን አወጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ሲናገር ሰምቼ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። መመለሱንም ረሳሁት።

ትንሽ ቆይቶ ኮቴ ተሰማ። የአዳራሹ በር ከደረጃው ፊት ለፊት ስለሆነ ሁላችንም ሰብሳቢውን አየናቸው። ከታች ስድስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

አክስቴ እሳቸውን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። ያ አስተያየት ስድስት ዓመት የበላሁትን ምሳ ሁሉ አስቆጠረኝ።

"ስብሰባ ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

"የምን ስብሰባ? ስብሰባው ፎቅ ላይ ነው!"

የደንቡን ደብተር ገለጥኩ። ከዓመታት በፊት ሦስት አባላት ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ውሳኔ አሳልፈው ነበርና፣ በዚያ የተናደዱ ሰው አንድ አንቀጽ ጨምረዋል። አነበብኩት፦ "ስብሰባ የሚባለው የፊርማ መዝገቡ ባለበት ክፍል የሚደረገው ብቻ ነው።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። "ማነው ይሄን የጻፈው?"

"እርስዎ ነዎት።"

መነጽራቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። "ጥሩ ተጽፏል" አሉ በመጨረሻ።

"ይውረዱና ይቀላቀሉን እንጂ" አለች አክስቴ።

"እንግዲህ ቀስ በቀስ..."

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። እንቁላሉ ይሄዳል። ደረጃ ሲወጣ ግን አይቼው አላውቅም።"

ባለ ዳቦ ቤቱ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። ሰብሳቢውም ፈገግ አሉ። ግን አልወረዱም። ወደ ላይም አልተመለሱም። እዚያው ስድስተኛው ደረጃ ላይ መሐረባቸውን አንጥፈው ተቀመጡና "አጀንዳ ይነበብ" አሉ።

አነበብኩ። አቤት ባይዋ ተጠሩ። አክስቴ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። ንግግሯን ለስድስት ዓመት ስታሰናዳው እንደኖረች አውቃለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ስትለማመድ በግድግዳው በኩል እሰማት ነበር። ዞር ዞር ብላ የተቀመጡትን አየች።

"እኔ ያልኩት ይሄንኑ ነው" አለች። "ይሄው ይጻፍልኝ።" ተቀመጠች።

ሰብሳቢው ጉዳዩ ጥናት እንደሚያስፈልገው ገለጹ። ጥናቱ እስኪያልቅ ግን ስብሰባው ለጊዜው ታች ይሁን አሉ።

"ለጊዜው ማለት እስከ መቼ?" አለች የጥርስ ሐኪሟ።

"ለጊዜው ማለት ለጊዜው ነው!"

እኔ ግን ደስ አለኝ። በሰፈራችን ለጊዜው ከተባለ ነገር የበለጠ የሚቆይ የለም። ወንዙ ላይ ለጊዜው የተጋደመው ድልድይ በዕድሜ ይበልጠኛል። ብዕሬን አነሳሁና "አቤት ባይዋ ቀርበዋል" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ፣ ከልማዴ የተነሳ፣ "ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል" አልኩ።

በቀጣዩ ወር ዘጠኝ አባላት ተገኙ። ከሰፈሩም ዱላ የያዙ ሁለት አዛውንት መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ከፎቅ ወረዱና አራተኛው ደረጃ ላይ መሐረባቸውን አነጠፉ።

"ሁለት ደረጃ ወርደዋል" አለችኝ አክስቴ በሹክሹክታ። "ሲሚንቶው እንዳይቀዘቅዛቸው ትራስ ልሰፋላቸው አስቤ ነበር።"

"ታዲያ ምን ከለከለሽ?"

"ተመችቷቸው እዚያው ቢቀሩስ?"