የጋሽ ተክለጻድቅ ሌንስ

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ለገሠ ፎቶ ቤቱን ከከፈተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሁለቱንም ዓመት የሐረርን ሕዝብ አፍንጫ ሲያሳብጥ ከረመ። ያለችው አንዲት አጭር ሌንስ ብቻ ናት። በሷ ፊት አጉልቶ ለማንሳት ሰውየው አፍንጫ ሥር መግባት ግድ ነው፤ ፎቶው ሲታጠብ ደግሞ አፍንጫ ብቻ ይወጣል። "ይኼ እኔ ነኝ?" ብለው ፎቷቸውን ጥለው የሄዱ ስንት ናቸው! ረጅም ሌንስ ካላገኘ ፎቶ ቤቱ እንደሚዘጋ ያውቀዋል።

ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው። እሳቸው ሞተው አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሮማነወርቅ መጥቶ ከሌንሶቻቸው መርጦ እንዲገዛ ላኩበት። ከባዳ አንተ ትሻላለህ አሉት። በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ።

በማግስቱ ጠዋት ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ወርዶ ቤታቸው ደረሰ። ሦስት ሌንሶች በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድረው ጠበቁት። ሦስቱም ለሱ ካሜራ ይገጥማሉ፤ ሁለቱ ግን እንደራሱ ሌንስ አጫጭር ስለሆኑ አይረቡትም። ሦስተኛው ረጅሙ ነው። ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው። ጭረት የለ፣ ሻጋታ የለ፣ ኩልል ያለ ነው። ዋጋውን ቢጠይቃቸው "እኔ ምን አውቄ፤ ፍርዱን ላንተ ትቻለሁ" አሉት።

ይህን ሲሰማ ያፍራል ስትሉ ጭራሽ ሰይጣን ሹክ አለው። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ሁለቱ ደህና ናቸው፣ ረጅሙ ግን ውስጡ ሻግቶ ከተበላሸ ቆይቷል ብሎ ነገራቸው። ለመለዋወጫ ያህል በትንሽ ዋጋ ሊወስድላቸው እንደሚችልም ጨመረበት። ውለታ እንደሚውል ሰው!

እትዬ ሮማነወርቅ ስለ ዋጋው ትንፍሽ አላሉም። ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸ ብቻ ጠየቁት። ከገባሁ አይቀር ብሎ፣ አምስት ስድስት ዓመት ይሆነዋል አላቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ፤ እጃቸውንም ጉንጫቸው ላይ ጫኑ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወይዘሮ ጽጌ በዚሁ በረጅሙ ሌንስ የተነሳው የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ደብዝዞ ወጣ ብለው፣ በተበላሸ ዕቃ ታታልላለህ እያሉ ጋሽ ተክለጻድቅን በሰው ፊት አዋርደዋቸው ነበር። ጋሽ ተክለጻድቅም ሌንሴ ንጹሕ ነው ብለው በመድኃኔ ዓለም ማሉ። ጽጌ መሐላውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

"ለካ በሐሰት ነው የማሉት" አሉ እትዬ ሮማነወርቅ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። "ሳያውቁ ነው። ቢሆንም ነፍሳቸው በመሐላ ተይዛ መቅረት የለባትም። ጽጌ ዘንድ ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በያቸው እላታለሁ።" ነጠላቸውንም አንስተው ለበሱ።

ለገሠ ውሸቱ ምን እንዳመጣ አሁን ገባው። ዝም ቢል እኚህ ሴት ማንም ባልሠራው ኃጢአት ሰው እግር ላይ ሊወድቁ ነው። ቢናገር ደግሞ ከዛሬ በኋላ በምን ዓይኑ ያያቸዋል? እሳቸው ደፉን ተሻግረው ወደ ጠባቡ መንገድ ሲወጡ ነው ሮጦ የነጠላቸውን ጫፍ የያዘው።

"እትዬ፣ ሌንሱ ደህና ነው። ዋሽቼዎት ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። እሳቸው አልጮኹም፣ አልረገሙትም፤ ምነው በሰደቡኝ አለ በሆዱ። ወደ ቤት ተመልሰው ረጅሙን ሌንስ በጨርቁ ጠቅልለው ሰጡት። እሱም የያዘውን ብር ሁሉ አውጥቶ መደቡ ላይ አስቀመጠ። ዞረው እንኳ አላዩትም።

"ውሰደው፤ እኔ ምን አደርግበታለሁ" አሉት። "ብቻ አንድ ነገር ልለምንህ። ያስተማሩኝ ተክለጻድቅ ናቸው ብለህ ለሰው አትናገር።"

በሳምንቱ አንድ አስተማሪ በረጅሙ ሌንስ የተነሳውን ፎቶ ሊወስድ መጣ። አገላብጦ አየውና በጣም ወደደው፤ እንዲህ አሳምሮ ማንሳት ማን እንዳስተማረው ጠየቀ። ለገሠ አንገቱን ደፍቶ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ ከተተ።

"ማንም አላስተማረኝም" አለ።