ምስክሩ ገብረ መድህን

የሺሃረግ ቸኩላ አታውቅም። የሰፈሩ ሰው «ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና አይታ የተሰጣ ልብስ ልታስገባ ብትነሣ፣ ልብሱ ርሶ፣ እንደገና ደርቆ ይጠብቃታል» ይላታል። የቸኮለ ሰው ማየት ግን ትወዳለች። ስለዚህ በ1973 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የቀበሌው ጸሐፊ በዛብህ መዝገቡን ታቅፎ ደጇ ላይ ሲቆም ደስ አላት። ጫማው በጤዛ ርሷል፤ ትንፋሹም ገና አልተመለሰም።

«ግባና ተቀመጥ፣ ጓድ በዛብህ።»

«የመቀመጫ ጊዜ የለኝም፣ እትዬ። ዝርዝሩ ቅዳሜ መቅረብ አለበት።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። እስከ ቅዳሜ ቆመህ ልትቆይ ነው?»

ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገበያው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ሊሰፋ ታስቧል፤ ሲሰፋ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቦታ የታችኛውን ወገን ሃያ እርምጃ ያህል ይበላል። ቀበሌውና የደብሩ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ሰንብተው በመጨረሻ ተስማሙ፤ ለሰፊው ሕዝብ የሠሩ የታወቁ ሰዎች አፅማቸው ተነሥቶ ወደ ላይኛው ወገን በክብር ይዛወራል፣ የቀረው ይደለደላል። ወረቀቱ ላይ ያምር ነበር። ማን የት እንደተኛ የሚያውቅ ሰው ግን ጠፋ። የእንጨት መስቀሎቹ በስብሰው ወድቀዋል፤ ድንጋይ ያላቸው ጥቂቶችም ጽሑፋቸውን የድንጋይ ሽበት ውጦታል።

የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ የየሺሃረግ ባል ገብረ መድህን። ሠላሳ ዓመት መቃብር ቆፍሯል። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ እሱም እዚያው ታችኛው ወገን፣ አጥሩ ሥር፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ድንጋያማ ጥግ ላይ ተኝቷል። ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው። «ጥሩ አፈር ለእንግዳ ነው» ይል ነበር።

የሺሃረግ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገብረ መድህን ላይ ዶዘር እንዳይሄድበት። ይህንንም ዙሪያ ጥምጥም ሳትል ተናገረች።

«መጀመሪያ እሱን ጻፈው።»

በዛብህ እስክሪብቶውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ተመድቦ አሰላ ከመጣ ሰባት ወሩ ሲሆን ብርዱን ለምዶ ሰዉን ገና አልለመደም።

«እትዬ፣ ቅር አይበልዎት። መመሪያው ‹የታወቁ› ይላል። መቃብር መቆፈር ደግሞ…»

«እሺ፣ አትጻፈው። ነጠላዬን ላምጣና እንሂድ።»

በዛብህ እንዲህ በቀላሉ መሸነፏ ገረመው። የሺሃረግን ስለማያውቃት ነው።

ገብረ መድህን ፊደል አልቆጠረም። የቀበረውን ሰው ሁሉ የሚጽፈው በተክል ነበር። ዓመት ሞልቶ አፈሩ ሲጠብቅ፣ ለሟቹ ጠባይ የሚስማማ ችግኝ ፈልጎ ከራስጌው ይተክላል። ዘመድ ጽድ ሲጠይቀው «ጽድ ለሁሉም ይሆናል፤ ለሁሉም የሚሆን ደግሞ የማንም አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። ታችኛው ወገን ለማያውቀው ሰው ዱር ነው፤ ለየሺሃረግ ግን የሰፈሯ ሰዎች በየደጃፋቸው የተቀመጡበት መንደር ነው።

«ይህ ኮሶ አቶ ኃይለመስቀል ናቸው፤ ድሬሰሩ። ከዚህ እስከ ጮሌ በበቅሎ እየዞሩ ሰው ያከሙ። መድኃኒታቸው መራራ፣ ምላሳቸውም እንደዚያው።»

በዛብህ ጻፈ። «እንዶዱስ?»

«እማሆይ እታገኘሁ። ሃያ ሁለት እናት የሌላቸው ልጆች አጥበው፣ አብልተው ለወግ ያበቁ።»

«ይኼ እጄን የወጋኝስ?»

«ቀጋው? ጠበቃው አቶ ፍሰሐ ናቸዋ። በሕይወት እያሉም ሳይወጉ አያሳልፉም ነበር። ግን ባላባት ፊት ለጭሰኛ ቆመው የተከራከሩ እሳቸው ናቸው።»

«ይኼ ጥሩ ነው» አለ በዛብህ፤ አሰመረበት። ቀጥሎ በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ጌሾ አየ። «ይህችስ?»

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ ባለ ጠጅ ቤቷ።»

የበዛብህ እጅ ቆመ። «ጠጅ ቤት እንዴት ብሎ ለሰፊው ሕዝብ…»

«እንዲያውም ከእሳቸው ቤት የሰፋ ሕዝብ የትም አልነበረም። ባሌ ራሱ ግማሽ ዕድሜውን እዚያ ነው የጨረሰው» አለች የሺሃረግ፤ ግንባሯ ትንሽ ተቋጠረና ተፈታ። «የዴራ ቆላ በድርቅ የተመታ ጊዜ ጠጅ ቤታቸውን ዘግተው፣ በዚያው ጋን ሦስት ወር ንፍሮ ቀቅለው ለስደተኛው ያበሉ ናቸው። ይህንንም ጻፍ።»

አሥራ ሰባት ሰው ሞላ። በዛብህ ወደ መጨረሻው ዓምድ ዞረ።

«ምስክር ይላል። የእርስዎን ስም ልሙላበት።»

«የኔን? እኔ ሲቀበሩ ከሴቶቹ ጋር እያለቀስኩ ነበር። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

«ታዲያ ማን ልበል?»

«ቆፍሮ ያስገባቸውን። ገብረ መድህን ብለህ ጻፍ።»

«እሳቸው እኮ ሞተዋል።»

«ያየው በሕይወት እያለ ነው እንጂ ከሞተ በኋላ አይደለም።»

በዛብህ ሌላ ምስክር ፍለጋ ሁለት ቀን ዞረ። የደብሩን አለቃ ቢጠይቅ «ኮሶው? የገብረ መድህንን ሚስት ጠይቃት» አሉት። የዕድሩ ዳኛም ቃል ሳይጨምሩ ያንኑ ደገሙለት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሌላ መላ አጥቶ ተቀመጠና ከላይ እስከ ታች አሥራ ሰባት ጊዜ «ገብረ መድህን» ብሎ ሞላ።

ቅዳሜ ስብሰባ ሆነ። የሺሃረግ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ነጠላዋን አደግድጋ ተቀምጣለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጉቱ የአሰላ አገር ልጅ ነው፤ ማኅተሙን ሲመታ ቢፈጥንም ሲያነብ አይቸኩልም። ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ጨረሰና ቀና አለ።

«ጓድ በዛብህ፣ ይኼ ገብረ መድህን የሚሉት ምስክር የት ነው ያለው?»

«ታችኛው ወገን ነው፤ አጥሩ ሥር።»

«ይጠራ።»

«ተቀብረው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጉቱ መነጽሩን አወለቀ።

«ዝርዝሩ ላይ ስሙ የለማ።»

«ያልታወቁ ስለሆኑ… በመመሪያው መሠረት።»

«ቆይ፣ አስረዳኝ። አውራጃው ቢጠይቀኝ ምን ልበል? አሥራ ሰባት የታወቁ ሰዎች አሉን፣ መታወቃቸውን የነገረን ግን ያልታወቀ ሰው ነው ልበል? በዚህ ላይ ማኅተም ልምታ?»

በዛብህ መልስ ፈልጎ ወደ ጣሪያው፣ ቀጥሎም ወደ የሺሃረግ አየ። የነጠላዋን ጥለት እያስተካከለች ነው። ጉቱም ዓይኑን ተከትሎ ደረሰባት።

«እትዬ፣ ይህንን ያሰቡት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ፤ ነጠላዬን ላመጣ ስገባ።»

ጉቱ ሳቁን በመዳፉ ያዘ። ከዚያ «ሀዬ» አለ። ጉቱ በኦሮምኛ እሺ ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። «አሥራ ስምንተኛ አድርገህ ጻፈው። የሥራ መስክስ ምን ይባላል?»

በዛብህ የሞላውን ዓምድ ለአፍታ አየውና እሱው ጎንበስ ብሎ «መዝገብ ያዥ» ሲል ጻፈ።

ጥር ላይ ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው አፅሞቹ ተነሡ። ትልልቆቹን ዛፎች ማንሣት ባይቻልም ከየሥራቸው ችግኝ እየተነቀለ አብሮ ወጣ፤ ለአቶ ኃይለመስቀል ኮሶው፣ ለአቶ ፍሰሐ ቀጋው። የገብረ መድህን ራስጌ ብቻ ባዶ ነበር። ተካዩ እሱ ስለነበር የሚተክልለት ሰው አልነበረውም፤ የሺሃረግም በአራት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚስማማው ቆርጣ አታውቅም።

«የት እናሳርፋቸው?» አሉ ቆፋሪዎቹ።

የሺሃረግ አዲሱን የመቃብር ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ዞራ አየች። ሁሉም እስኪሰለቻቸው ቆየች።

«ከወይዘሮ አልጣሽ ጎን» አለች።

ከዚያ ከወይዘሮ አልጣሽ ችግኞች አንዷን ለይታ፣ ራሷ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ጌሾዋን ከባሏ ራስጌ ተከለች። ማሰሮ ውሃ ይዞ የቆመው በዛብህ እያዘነበለ አጠጣላት።

«ጌሾ ነው የተስማማቸው?»

«እንግዲህ ጠጅ ፍለጋ ብሎ ከደጁ አይወጣም» አለች የሺሃረግ፤ አፈሩንም በመዳፏ ጠቅ ጠቅ አደረገች።

በዛብህም ማሰሮውን አስቀመጠና፣ ተቀመጥ የሚለው ሳይኖር፣ ሣሩ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።