መጀመሪያ ኮንትሮሉን

የላብራቶሪው ሰልጣኞች በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «እትዬ ኮንትሮል» ነው የሚሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የነዘነዘቻቸው አንድ ነገር ነዋ! በየስላይዱ መስታወት ላይ ከበሽተኛው ናሙና አጠገብ አንዲት የቶንሲል ቁራጭ ትቀመጣለች። ኮንትሮል የምትባለው እሷ ናት። ቶንሲል ውስጥ ሴሎች መራባት አያቆሙም። ስለዚህ የሚራባ ሴል የሚይዘውን ፕሮቲን ፈልጎ የሚያቀልመው ቀለም በትክክል ከሠራ፣ ቶንሲሏ በቡናማ ነጠብጣብ መሞላት አለባት። ካልተሞላች ቀለሙ አልሠራም ማለት ነው፤ የበሽተኛው ቁራጭ ያሳየው ነገር ሁሉ ገደል ይግባ። «መጀመሪያ ኮንትሮሉን! በሽተኛው ከዚያ በኋላ!» ትላለች ጣቷን ቀስራ። ይህን የረሳ አንድ ሰልጣኝ ቁጭ ብድግ አሠርታለች እየተባለ ይወራል። «ሐሜት ነው» ትላለች እሷ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማይክሮስኮፑ ሥር ያስገባችው ስላይድ የታናሽ ወንድሟ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ሒሳብ አስተማሪ ሆኖ፣ ቤት ውስጥ ዛሬም «ማሙሽ» ነው የሚባለው። ጭንቅላቱ ውስጥ የበቀለው ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣ አሥር ቀኑ ነው። ናሙና የምትመረምረው የላብራቶሪው ዶክተር በተለመደው ቀለም አይታ፣ «መልኩ አልለየልኝም። ደረጃ ሁለትም ሊሆን ይችላል፣ ደረጃ ሦስትም። ፕሮቲኑን የያዙት ሴሎች ይቆጠሩና ይለይልናል፤ ከበዙ ሦስት ነው» ብላ ነበር። ሁለት ከሆነ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ በክትትል ብዙ ዓመት ይኖራል። ሦስት ከሆነ ጨረር አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የዘመድን ናሙና ዘመድ አይነካም፤ የላብራቶሪው ደንብ ነው። ስላይዱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፣ እሷ ግን ቁጥሩን በቃሏ ይዛዋለች። ቀለሙን የሚሠራው ባልደረባዋ እስከ ሰኞ ዕረፍት ወጥቷል። እስከ ሰኞ ማን ይጠብቃል? ማንንም ሳታስፈቅድ ማለዳ ገብታ ራሷ ሠራችው።

ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ስትደፋ እጇ በቀጥታ የወንድሟን ቁራጭ ፈልጎ አገኘው። ሰማያዊ ነው። ገፋ አደረገችው፤ አሁንም ሰማያዊ፤ የማይራባ ሴል መልኩ ይህ ነው። አምስት መቶ ሴል ቆጥራ ያገኘችው ሦስት ቡናማ ነጥብ ብቻ ነው፤ እነሱም ሴል ይሁኑ ቆሻሻ አልለየላቸውም። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም! ጓንቷን ሳታወልቅ ስልኳን አነሳች።

«እማዬ፣ ቀላሉ ነው! ደረጃ ሁለት ነው!»

እናቷ አለቀሰች። ወንድሟ ስልኩን ተቀበላት።

«ከመቶ ስንት?»

«አንድም አይሞላ!»

«እንዲህ ያለ ሰነፍ ተማሪ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም» አለና በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። አሥር ቀን ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲወርድ ታወቃት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዶክተሯ ሻይዋን ይዛ ገባች። እትዬ ኮንትሮል ወሬውን በደስታ ነገረቻት። ዶክተሯ ስለ ደንቡ አልተቆጣችም፤ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። ስላይዱን ወዲህ ወዲያ አንቀሳቀሰችው።

«ቶንሲሏ የት አለች?»

«ከላይ በኩል ናት።»

«እሷንማ አየኋት። ቡናማዋ የት አለ ነው የምልሽ።»

እትዬ ኮንትሮል ክው አለች። ጎንበስ ብላ አየች። ቶንሲሏ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ናት፤ ለምልክት እንኳ አንድ ቡናማ የለም። ሰልጣኝ ይሳሳታል። እሷ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት?

ወደ ማቀዝቀዣው ሮጠች። የፕሮቲኑ ቀለም ጠርሙስ ማኅተሙ ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ማለዳ ስላይዱ ላይ ስታንጠባጥብ የነበረው ከጎኑ ካለው፣ መጠኑም ክዳኑም ከእሱ ጋር አንድ ከሆነው የማጠቢያ ፈሳሽ ኖሯል። እጇ ነው የተሳሳተው ወይስ ልቧ ማየት አልፈለገም? ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን ግን ፈራችው።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

«ለእነማን?»

«ለእማዬ። ለእሱም።»

ዶክተሯ ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ ሥር አውጥታ ለብቻው አስቀመጠችው። ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

አዲሱን ስላይድ ከዕረፍቱ የተጠራው ባልደረባዋ ሠራው፤ አራት ሰዓት ፈጀ። እሷ ወንበሩ ላይ እጇን ታቅፋ ተቀምጣ ጠበቀች። ዶክተሯ በመጀመሪያ ኮንትሮሉን አየች፤ ቶንሲሏ በቡናማ ፈልታለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ቁራጭ አለፈች፤ እየቆጠረች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር። አንዴ ቆጥራ ሳይበቃት ደገመችው።

«ከመቶ ሃያ ስምንት» አለች ቀና ሳትል። «ሦስት ብዬ ነው የምጽፈው። አይዞሽ አልልሽም፤ ጨረሩ ግን ቶሎ መጀመር አለበት። ነገ ይምጣ።»

ኮሪደር ወጥታ ደወለች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ የአክስቷ ሳቅ እስከ ስልኩ ድረስ ይሰማል። ወንድሟ አነሳው።

«ማሙሽ፣ ተሳስቼ ነው። ቀለሙ አልሠራም ነበር። ሃያ ስምንት ነው። ሦስት ነው። ነገ መምጣት አለብህ።»

ወንድሟ ደስ ባለው ድምፅ፣ ጮክ ብሎ፣ «እሺ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ! ለፊርማ ብቻ ነው አይደል?» አለ።

«ሰምተኸኛል?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰምቻለሁ። እማዬ እጄን ይዛኛለች። ዛሬን ተያት።»

ሌላ ከመናገሯ በፊት ስልኩ ከእጁ ተነጠቀ።

«ልጄ» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ በደስታ ሰልሏል። «ሐኪሞቹ ቢሉኝ ኖሮ አላምናቸውም ነበር። አንቺ ስላልሽ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ዛሬ እህል ቀመስኩ።»

እትዬ ኮንትሮል ግድግዳውን ተደግፋ አፏን ከፈተች።

«ደግ አደረግሽ፣ እማዬ» አለች።