አዋቂ ግድ ነው

ሮይስ ቲሎትሰን ድንች የሚያመላልስ ሾፌር ነው። በደቡብ ኦሃዮ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ሁሉ እየዞረ ተቆርጦ በረዶ የሆነ ድንች በየበርገር ቤቱ ጓሮ ሲያወርድ ይውላል። ጭነቱ ቀዝቃዛ ነው፣ መኪናው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውየውም ከሚስቱ ከተፋታ ወዲህ ከጭነቱ ብዙም አይለይም። ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ክፉ ለመሆንም እኮ ትንሽ ሙቀት ይፈልጋል፤ እሱ ያቺንም አጥቷል። ጠዋት ይነሳል፣ ያወርዳል፣ ማታ የታሸገ ሾርባ አሙቆ ቴሌቪዥን ፊት ይጠጣል። ደህና ነህ ወይ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል፤ ውሸቱንም አይደለም፣ ምንም የሚሰማው ነገር ስለሌለ ነው።

ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ ረቡዕ ረቡዕ ማታና በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜና እሁድ ልጁን እንዲያይ ወስኖለት ነበር። መጀመሪያ ቅዳሜና እሁዱ ቀረ፤ ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ የት አስተኛታለሁ አለ። ቀጥሎ ረቡዕም ቀረ፤ ለዚህኛው ምክንያት እንኳ አልፈለገለትም። የተቆጣው ሰው አልነበረም። የቀድሞ ሚስቱ ኮሪን በአረጋውያን መጦሪያ የማታ ተረኛ ናት፤ ቁጣም ጊዜ ይፈልጋል። ልጅቷ ዴላኒ ደግሞ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆንም ቁጭ ብሎ ከማልቀስ መላ መፈለግ የሚቀናት ዓይነት ናት።

መላውንም ያገኘችው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም ከአንድ ድብ።

ድቡ ቶቢን ይባላል፤ የቶቢን በርገር ምልክት ነው። ቀይ ሽርጥ ታጥቆ ጥርሱን ያሳያል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ እሱ የሌለበት ቦታ የለም። የቅርጫት ኳሱ ውጤት ሰሌዳ ላይ አለ፣ አውቶቡሱ ጎን ላይ አለ፣ የልጆቹ ሰርተፊኬት የሚገባበት ፖስታ ላይ ሳይቀር «ጎበዝ! ታዲያ አልራበህም?» እያለ ይጠይቃል። አምስት መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ልጅ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ከኋላው ድቡ ያጓራል፣ ከዚያ በነፃ የሚያስበላ ኩፖን ይሰጠዋል። አምስት በጨረሰ ቁጥር አንድ ኩፖን። ልጆች መጽሐፍ እንዲወዱ ነው ይላሉ። ድቡ ራሱ ግን መጽሐፍ ይዞ የተሳለበት ሥዕል እስከ ዛሬ አልታየም፤ ሁልጊዜም እጁ ላይ ያለው በርገር ነው።

ከኩፖኑ ግርጌ በደቃቅ ፊደል አንዲት መስመር ተጽፋለች፤ «ልጁ ከአዋቂ ጋር መገኘቱ ግድ ነው» ትላለች። ጠበቆች የጻፏት ናት። ልጅ ብቻውን መጥቶ አዳልጦት ቢወድቅ ጣጣው እንዳይመጣባቸው ነው። በከተማው ውስጥ ይህችን መስመር ያነበበ ሰው አልነበረም። ዴላኒ አነበበቻት፤ ደግማም አነበበቻት።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ የሮይስ ስልክ ጮኸ።

«አባዬ፣ ነገ ትመጣለህ።»

«ነገ ምን አለ?»

«የቶቢን ኩፖን አግኝቻለሁ። አዋቂ ግድ ነው ይላል።»

«እናትሽስ?»

«ተረኛ ናት። ደሞ ድቡን ትጠላዋለች፣ በሩንም አትረግጠው።»

ሮይስ ግድ ነው ሲሉት እሺ የሚል ሰው ነው። አለቃው ግድ ሲለው፣ ባንኩ ግድ ሲለው፣ የጥርስ ሐኪሙ ግድ ሲለው እሺ ብሏል። ይህንንም እሺ አለ፤ በማግስቱም ሄደ።

ዴላኒ ኩፖኑን ለገንዘብ ተቀባይዋ ስትሰጥ በሌላ እጇ የአባቷን ጃኬት ይዛ ነበር። መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ወዲያው ወደ ቁም ነገሯ ገባች።

«ሚስ ሃፍናግልን ጠየቅኳት እኮ። ግድ ነው ማለት ቢመቸው ይምጣ ማለት ነው ወይስ የእውነት ግድ ነው? አልኳት።»

«እና አስተማሪሽ ምን አለችሽ?»

«ግድ ግድ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም አለችኝ።»

«እንዲህ ከሆነማ አለቀልኝ በይኛ» አለ ሮይስ።

«አዎ፣ አለቀልህ!» አለችና ሳቀች፤ ወንበሩ ላይ ዘላ ዘላ ሳቀች። እሱ ቀልድ መስሎት ነበር።

ያን ቀን ከድንቹ ሦስት አራት ፍሬ ነው የቀመሰችው። በርገሩን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ወደ እሱ ገፋችለት። ድንቹን ለምን አትበይም ሲላት «አንተ ብላው፣ አንተ አይደለህ ያመጣኸው» አለችው። ከዚያ ያነበበቻቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ስታወራለት አመሸች። ዓይኑ ስለጠፋ ፈረስ፣ ባሕር ውስጥ ስለተረሱ መርከበኞች፣ አያቷን ልትፈልግ በባቡር ስለሄደች ልጅ። ሮይስ ግማሹን ሰማ፣ ግማሹ አለፈው። ደስ አለው ወይ? እንጃ። ወደ ቤቱ ሲነዳ ሬዲዮ መክፈት ረስቶ እንደነበር ብቻ ትዝ ብሎታል።

ክረምቱ በሙሉ እንዲሁ ሄደ። ማክሰኞ ማታ ስልክ ይጮሃል፣ «ኩፖን አለኝ» ትላለች፣ ረቡዕ ይሄዳል። በረዶው መንገድ በዘጋበት ሳምንት እንኳ ሄዷል፤ ግድ ነዋ። እሱ ግን አንድም ቀን አስቀድሞ ደውሎላት አያውቅም። መደወል አስጠልቶት አይደለም፤ እሷ ትደውል የለ? ሰው ራሱ የሚሞላ ጋን ካገኘ ውኃ መቅዳት ትዝ አይለውም።

በመጋቢት ኮሪን ደወለች። እሷ ስትደውል ሰላምታ የሚባል ነገር የለም።

«የልጅህ ዓይን በርበሬ መስሏል።»

«ምን ሆነች?»

«ታነባለች! አውቶቡስ ላይ ታነባለች፣ ሽንት ቤት ገብታ ታነባለች፣ ሾርባ እየጠጣች ስታነብ ሸሚዟ ላይ ደፋችው። መነጽር ሳያስፈልጋት አይቀርም ብለውኛል።»

«ማንበቡ ጥሩ አይደል እንዴ?»

«ለዚያ ለቆሻሻ በርገር ብላ ዓይኗን ብታጠፋ ጥሩ ነው? እኔ ስናገር አትሰማኝም። አባቷ አይደለህ፣ አንድ ነገር በላት!»

ሮይስ አሰበ። ልጅቷ በርገር ትወዳለች፤ ለበርገሩ ብላ ዓይኗን ታጠፋለች፤ ስለዚህ በርገሩን ያለ ንባብ ብታገኘው ነገሩ ያልቃል። ግማሽ በርገር እንኳ ጨርሳ እንደማታውቅ በየሳምንቱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አይቷል። አይቷል፣ ግን አላየም። ኩፖኑ አዋቂ ሲል ዕድሜውን ማለቱ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚጠበቅበት ነገር እንዳለ ለሮይስ የነገረው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጭነት ሲያወርድ የቶቢንን ቅርንጫፍ ኃላፊ ዌንዴልን ጠየቀው። ዌንዴል ሰጥቶ የማይጠግብ ወፍራም ደግ ሰው ነው፤ የድርጅቱን ንብረት ሲሰጥማ ይብስበታል።

«ለትምህርት ቤቱ ከመጣው የተረፈ አንድ እሽግ ኩፖን አለልህ፣ ጠራርገህ ውሰደው» አለው።

«አስተማሪ መፈረም የለበትም?»

«የምቀበለው እኔ አይደለሁ? ባይሆን ለልጅህ ቶቢን ይወድሻል በልልኝ።»

ሮይስ እሽጉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መኪናው ውስጥ ሆኖ ሁለት ጊዜ በእጁ ነካ አደረገው። ለልጁ ብሎ በራሱ አስቦ አንድ ነገር ሲያደርግ ስንት ጊዜው ነው? ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲል አገኘው።

ረቡዕ ማታ ዴላኒ እዚያው መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ስለ አንድ ቀበሮ ልታወራለት ስትጀምር አቋረጣትና እሽጉን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኩፖን ነው። ሁሉም ያንቺ ነው። ከእንግዲህ ዓይንሽን አታጥፊ።»

ከላይ ያለውን አንስታ ግርጌውን አነበበች። ከዚያ ሁለተኛውን አነበበች፤ ያው ነው።

«ዌንዴልን አንተ ነህ የጠየቅከው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ሮይስ፤ ኩራት ቢጤ ነበረው። «አሁን ነፃ ነሽ። የኔን ሥራ ማብቃት መጠበቅ የለ፣ ምን የለ። ጓደኞችሽን ይዘሽ፣ ከፈለግሽው ሰው ጋር መጥተሽ መብላት ነው።»

«ከፈለግኩት ሰው ጋር?»

«ከማንም ጋር።»

ዴላኒ እሽጉን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው፤ ረጅም ጊዜ ነው ያየችው። «እሺ» አለች። ቀጥላም «አመሰግናለሁ» አለች። እንዲህ ያለ ጨዋ ምስጋና ከልጁ ሰምቶ አያውቅም፤ ሰው ለማያውቀው ሰው በር ሲከፍትለት የሚመልሰው ዓይነት ነበር። የቀበሮውን ነገር አልጨረሰችለትም። እሱም ቀበሮው ምን ሆነ ብሎ አልጠየቃትም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስልኩ አልጮኸም። በበርገር ሰልችታ ይሆናል አለ ሮይስ። የዚያን ሳምንትም፣ ከዚያ የቀጠለውንም ሾርባውን ቤቱ ጠጣ። ከፋው ማለት አይቻልም። ረቡዕ ሲመሽ ግን ጃኬቱን ለብሶ የወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፤ ለምን እንደለበሰው ሲጠፋው መልሶ ያወልቀዋል።

ግንቦት ውስጥ አንድ ረቡዕ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት የቶቢንን ድንች ያደረሰው፣ ሰው ሁሉ እራት ሲበላ ነበር። በጓሮ በር ካርቶኑን በጋሪ እየገፋ ሲገባ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ዴላኒን አያት። ሁልጊዜ አብረው የሚቀመጡበት መስኮት ጋ ናት። ፊት ለፊቷ አንዲት ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴትዮ አሉ፤ የበርገሩ ትልቁ ግማሽ እሳቸው ፊት ነው።

ጋሪውን መሐል መንገድ ላይ ትቶ፣ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ተመጋቢዎቹ ወጣ።

«ዴሊ።»

«ውይ፣ አባዬ! ሚስ ኦፓል ናቸው፤ ከኛ ጎን ያለው ቤት የሚኖሩት። ሚስ ኦፓል፣ አባቴ ነው።»

«ጌታዬ፣ ልጅህ እኮ ባለጸጋ ናት!» አሉ ሴትዮዋ፤ ማዮኔዙን ከአገጫቸው እየጠረጉ። «በየሳምንቱ ነው የምትጋብዘኝ። በሬን አንኳኩታ አዋቂ እፈልጋለሁ አለችኝ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ይበቃሻል ወይስ ልጨምርልሽ አልኳት!»

ዴላኒ ሳቀች። ሮይስም ለመሳቅ ሞከረ።

«አሁን ምን እያነበብሽ ነው?» አላት።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ኩፖን አለኝ እኮ» አለች፤ ይህን እንዴት አታውቅም በሚል ድምፅ።

«ለኔ ግን... ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ከማንም ጋር ብለኸኝ ነበር።» ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም። ቂም ቢኖርበት ይሻለው ነበር። ፊቱን አየችው መሰለኝ፣ እናቷ ሽማግሌዎቹን የምታባብልበትን ዓይነት አነጋገር አምጥታ «ሥራ ይበዛብሃል አይደል? ግድ የለም፣ አባዬ» አለችው።

ከወጥ ቤቱ ዌንዴል ጮኸ። «ሮይስ! ኧረ ድንቹ ሊቀልጥብን ነው!»

ሮይስ ተመልሶ ድንቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደረ። ግድ የለም። ልጅቷ ክረምቱን ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ ያነበበችው እሱን ለማስገደድ እንደነበር፣ እሱ ደግሞ በገዛ እጁ፣ ያውም እየተኩራራ፣ በነፃ እንዳሰናበታት ካርቶን እየደረደረ ገባው። አመመው። ስንት ጊዜ ምንም ያላመመው ሰው እንደዚያ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ስለዚህ ካርቶኑን መደርደር ቀጠለ። ጨርሶ ሲወጣ መስኮቱ ጋ ሌሎች ሰዎች ተቀምጠዋል።

ማክሰኞ ከሥራ እንደገባ፣ ሾርባውን ሳያሞቅ፣ ወደ ኮሪን ቤት ደወለ። ምን እንደሚል መኪናው ውስጥ ሲለማመደው ነበር የመጣው። ስልኩ ብዙ ጠራ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለች ዴላኒ።

«እኔ ነኝ።»

«አባዬ?» ድምፅዋ ተለወጠ፤ ደነገጠች። «ምን ሆንክ? አደጋ ደረሰብህ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩም። ደህና ነኝ።»

«እማዬ የለችም፣ ሥራ ናት።»

«እናትሽን ፈልጌ አይደለም የደወልኩት።»

ሮይስ የልጁን ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ነገሩን ልትረዳው እየሞከረች ነው።

«ታዲያ ማንን ፈልገህ ነው?» አለችው።