ወደ ግራ የሰመጠው ወንበር

የጭነት መኪናው ከኮሃት ከተማ መውጫ ላይ ጉድጓድ ሲመታ ዳውራን መሪውን እንደያዘ ከወንበሩ ብድግ አለ። መልሶ ሲቀመጥ በግራ ቂጡ ብቻ ነበር።

«ምነው፣ ባለሥልጣን ሲያልፍ አየህ እንዴ?» አለው ከጎኑ የተቀመጠው ተለዋጭ ሹፌር፣ ሽማግሌው ቱራብ።

«ወገቤ ነው፣ አጎቴ።»

የቱራብ ፈገግታ ጠፋ። ይህን መልስ ከዚሁ ወንበር ሰምቶት ያውቃል።

ወንበሩም መኪናውም የዳውራን ታላቅ ወንድም የሻህዳድ ነበሩ። ሻህዳድ በሞተበት ክረምት ወደ ግራ አጋድሎ ሲነዳ ሰንብቶ ስፖንጁን በዚያው በኩል አስምጦታል። ዳውራን ደጋግሞ ቢያስሞላውም ወንበሩ ተመልሶ ይሰምጣል። ይኸው ዛሬ የዳውራን ቂጥ ሳይመራው ስርጉዱን አገኘው፤ ልክክ አለ። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀለት መሰለው።

ሻህዳድን ወገቡ ገደለው ተባለ። ሚስቱ ስፖግማይ ግን ዓይን በልቶት ነው ባይ ናት። መኪናው አዲስ ቀለም ሲቀባ አፏን ከፍታ ያደነቀችው የገዛ እህቷ ነበረች፤ ከቀብሩ ወዲህ አላነጋገረቻትም። የመኪናው መስታወት ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰረችውም ዓይን እንዲመልስ ነው። እውነቱን የሚያውቀው አስከሬኑን ያጠበው ዳውራን ብቻ ነው። በፊንጢጣው አጠገብ ያበጠውን፣ የጠቆረውን፣ መግል ያዘለውን አየ፤ ውኃ አፈሰሰበት፤ በከፈን ገነዘው። አስከሬን ያጠበ ሰው ያየውን አያወራም።

አሁን ያው ዓይነት እባጭ በእሱም ላይ ይጠዘጥዛል። ትኩሳቱ ጥርሱን ያንገጫግጨዋል።

ከፊታቸው በነጭ ቀለም የተጻፈበት ግንብ ብቅ አለ፤ «ኪንታሮት! የፊንጢጣ ፊስቱላ! ያለ ቀዶ ጥገና፣ በአንድ ቅባት!» ከካራቺ እስከ ፔሻዋር ግንቡ ሁሉ ስለ ቂጥ ያወራል፤ ዝም የሚለው ባለቂጡ ብቻ ነው።

ዳውራን ፍጥነት ቀነሰ። «እዚህ ባለቅባቱ ሐኪም ጋ ለአፍታ ልግባ። ቅባቱ አልቆብኛል።»

«ቅባት? ለወገብህ?»

ዳውራን መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ።

«ሻህዳድም እዚሁ ቆሞ ነበር» አለ ቱራብ። «ሻይ እየጠጣሁ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው እንቁላል አትብላ፣ ደምህን ያሞቃል ብሎ ሸኘው። እኔ ሞኙ የእሱንም እንቁላል እየበላሁለት ሄድን! ከመሪው ውረድ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን። ሁለተኛ ሬሳ ይዤ አልገባም።»

ቱራብ መሪውን ተረክቦ ሆስፒታል አደረሰው።

ወጣቱ ዶክተር መርምሮት ጓንቱን አወለቀ። «ኪንታሮት አይደለም። ትንሽ እጢ ተደፍና መግል ቋጥራለች። ይሄን ቅባት አያወጣውም፣ ክኒንም ብቻውን አያድነውም፤ ተቀዶ መፍሰስ አለበት። ብትቆይ ኖሮ ደምህን ይበክለው ነበር። ለመሆኑ ስኳር እንዳለብህ ታውቃለህ?»

«ሻይዬ ውስጥ ነው እንጂ...»

«ደምህ ውስጥም አለ። ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ነበር?»

«የለም» አለ ዳውራን፤ ምላሱ ቀደመው። ያኔ ሻህዳድ በሩ አጠገብ ቆሞ ታየው። እርግጥ ቆሞ ነው፤ መቼ መቀመጥ ይችል ነበርና።

አደንዝዘው ቀደዱለት። ሕመሙ ከመግሉ ጋር ሲወጣለት ዳውራን እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እየተቀመጥክ ታጠብ» አለው ዶክተሩ። «ድርቀት አይያዝህ፤ ስኳርህን ተከታተል። ቁስሉ ማዠቱን ካላቆመ ወይ ትኩሳቱ ከተመለሰ ቶሎ ና። ብዙ አትቀመጥ።»

«ሹፌር ነኝ እኮ፣ ዶክተር!»

«እንግዲያው ሲሻልህ፣ መንገድ ላይ ወረድ እያልክ ተራመድ።»

ሲመለሱ ዳውራን ከወንበሩ ጀርባ ባለችው መኝታ በሆዱ ተኝቶ፣ ቱራብ በሰመጠው ወንበር ላይ እንደ ምንም ቀጥ ብሎ ሲነዳ ያየዋል። ስልኩ ጮኸ። ስፖግማይ ናት።

«ወገብህን አመመህ አሉኝ። ልክ እንደሱ!» ድምፅዋ ይርገበገባል። «ያቺ እህቴ መኪናውን ደግማ አየችው እንዴ? ጨርቁ ወድቋል?»

ቱራብ ካሴቱን ዘጋ። ጥቁሩ ጨርቅ መስታወቱ ላይ ይወዛወዛል።

«ወገቤን አይደለም፣ እትዬ» አለ ዳውራን።

«ታዲያ ምንህን ነው?»

«እሱም ወገቡን አልነበረም።» ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ መልሶ አወጣው። «እህትሽ ጋ ደውዪና ቤት ጥሪያት። ስደርስ ለሁለታችሁም እነግራችኋለሁ።»