ትርፍ ሦስት ሰው

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ትራፊክ ፖሊስ መሆን ማለት ግማሹን ቀን ከሹፌር፣ ግማሹን ቀን ከአህያ ጋር ሲጣሉ መዋል ነው። ሹፌሩስ ሰሌዳ አለው፤ አህያውን ግን በምን ትከሰዋለህ? ባለፈው ሳምንት ብቻ ለጣቢያችን የተደወለውን ልንገራችሁ። አንድ በሬ ባንኩ በር ላይ ተኝቶ አልነሳም ብሏል ተባልን። አንድ ሰውዬ በጉን ባጃጅ ውስጥ ረስቶ ወረደና ባለባጃጁ በጉን ይዞ እኛ ዘንድ መጣ። በማግስቱ ደግሞ ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት ዶሮ ተካሰሱ፤ ክሱ ሲጻፍ ዶሮዋ ጠረጴዛው ሥር እንቁላል ጣለች። እንቁላሉ የማን ነው የሚለው እስካሁን አልተወሰነም።

እኔ ግን ሥራዬን እወደዋለሁ። ፊሽካዬን ስነፋ ያ ሁሉ የከባድ መኪና ሹፌር ኪሱን እየደባበሰ መንጃ ፈቃዱን ሲፈልግ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ያላየው አያውቀውም። ስሜ ኮንስታብል የትነበርሽ ገብረ ኢየሱስ ነው። ቁጡ ናት ይሉኛል። አልቆጣም፤ የሚያስቆጡኝ ሰዎች ስለበዙ ነው።

ችግሬ አንድ ነበር፤ የምወደው ሰው ሹፌር ነው። ቢያዝን ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ይሠራል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ አባቴ ሁለት ጊዜ መለሱ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔና ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ነገር ሲቆርጡ የማይቀጥሉ ሰው ናቸው። የሰጡት ምክንያትም አጭር ነበር። ሹፌር ትራፊክ የሚያገባው ሴቷን ፈልጎ አይደለም፤ መንገዱን ፈልጎ ነው አሉ። ነገ ትርፍ ሰው ጭኖ ሲያልፍ፣ የመሪጌታ ልጅ ፊሽካዋን ዋጠችው ተብሎ በከተማው ይወራል አሉ። እናቴ ስታለቅስባቸው ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ሽማግሌ ሊቀበሉ ፈቀዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ስድስት ሰዓት ይምጡ፤ ከስድስት በኋላ ተዝካር እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን እንዳታነሱብኝ አሉ።

ስለዚህ ቢያዝን በዚህኛው ዙር ከትውልድ አገሩ ከትክል ድንጋይ ሦስት የተከበሩ ሰዎች መረጠ። መምሬ ወልደ ገብርኤል፣ አያ እንዳልካቸውና አያ አላምረው ይባላሉ። ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም። የሚመጡት በጓደኛው መኪና ነው ተባለ፤ የሚያገባው ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይታይማ። ልጅቱም በዚያ ሰዓት ቤት መገኘት ስለሌለባት እኔ የእሑዱን ተራ ጠይቄ ገባሁ።

ጠይቄ መግባቴ ስህተት ነበር። ከጎንደር በሚያስገባው መንገድ ላይ ከባልደረባዬ ከጌትነት ጋር ቆሜ፣ ልቤ አባቴ ቤት ነበር። ሦስት ሽማግሌ የጫነች ላንድክሩዘር ስታልፍ ሳላስበው ቀጥ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ለካ ለቅሶ የሚሄዱ ናቸው። አንደኛው አዘነልኝ መሰለኝ በመስኮት እጁን አወዛወዘ። ጌትነት እስኪያስለው ሳቀ።

አምስት ሰዓት ገደማ የቢያዝን ሚኒባስ ኩርባውን ዞራ ብቅ አለች። ኋላዋ እንደ እርጉዝ ላም ወርዷል። በመስኮቱ ብዙ ራስ ይታየኝ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ግማሹ ራስ ጠፋ። እዚህ አገር ትርፍ ተሳፋሪ ትራፊክ ሲያይ መጎንበሱን ማንም አያስተምረውም። አንድ ሰው "ጎንበስ" ይላል፣ ሚኒስትርም ቢሆን ይጎነበሳል።

ደሜ ፈላ። በእኔ ፊት ትርፍ ላይጭን በማርያም ምሎልኝ ነበር። ደግሞ በዛሬው ቀን! ፊሽካውን እንዴት እንደነፋሁት አላውቅም፤ ጌትነት ጆሮውን ያዘ።

ቢያዝን መኪናዋን ዳር አስይዞ ወረደ። ፊቱ ላይ ደም የለም። በዓይኑ ወደ መኪናው ውስጥ ይጠቅሰኛል፤ ቅንድቡ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማረኝ ማለቱ መሰለኝና ይበልጥ ነደድኩ። መንጃ ፈቃድ አልኩት።

"የትነበርሽ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ።"

"ኮንስታብል በለኝ" አልኩት።

የጎን በሩን ከፈትኩ። አሥራ ሁለት ሰው በአሥራ ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥዕል ላይ እንዳሉ ቅዱሳን ፊት ለፊቱን ያያል። ከእግራቸው ሥር ግን በጋቢ የተሸፈነ ሦስት ጉብታ አለ። ከአንደኛው ዣንጥላ ወጥቷል። የተጎነበሳችሁ ተነሱ ብል የሚነሳ ጠፋ። ቅርጫት ያቀፈች አንዲት ሴት ወደ እግሯ እንኳ ሳታይ፣ እሱ ሰው አይደለም፣ ጤፍ ነው አለችኝ።

ጤፉ አስነጠሰው።

አንድ በአንድ አወረድኳቸው። የመጀመሪያው ጥምጣማቸው በወለሉ አቧራ የጠቆረ ቄስ ነበሩ፤ ጤፉ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ጉልበታቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ሦስተኛው ባለ ዣንጥላው ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ወርደው ጋቢያቸውን አራገፉና አዩኝ። ልቤ ትንሽ ራራ። ተሳፋሪው ሁሉ በጊዮርጊስ እያለ ይለምነኛል፤ ቢያዝንም ስለ አንድ የተሰበረ መኪና ይንተባተባል። የምትናገረውን ጣቢያ ትናገራለህ አልኩትና የክስ ወረቀቱን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጥፋቱ፣ ትርፍ ሦስት ሰው መጫን።

ሊፈረም ትንሽ ሲቀረው ባለ ዣንጥላው ሽማግሌ ቀስ ብለው ቀረቡኝ።

"ልጄ፣ ካወረድሽን አይቀር መንገዱንም አሳዪን። የመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ቤት በየት በኩል ነው?"

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቄስ አንድ፣ ሽማግሌ ሁለት፤ ሦስት። ቢያዝንን አየሁት፤ እሱ የመኪናውን ጎማ ያያል። ለካ ሲጠቅሰኝ የነበረው ይህን ነው። የገዛ ሽማግሌዎቼን ከወለል ላይ ለቅሜ አውርጃቸዋለሁ!

ጌትነት ነገሩ ገብቶት ጆሮዬ ሥር መጣ። ቅደጂው፣ እኔ ምንም አላየሁም አለኝ። መቅደድ ፈለግሁ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ፈለግሁ። ግን አሥራ ሁለት ሰው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ያየኛል። ብቀደው የአባቴ ቃል እዚያው መንገድ ላይ እውነት ይሆናል፤ ባልቀደው ሽማግሌዎቹ ተቀይመው ይመለሳሉ። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ግን ፈረምኩና ወረቀቱን ለቢያዝን ሰጠሁት።

"ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ትልቁ የጽድ ዛፍ ያለበት ግቢ ነው" አልኳቸው። "የአባቴ ቤት ነው።"

ሽማግሌው ከቆቤ እስከ ጫማዬ አዩኝ። ከዚያ ወደ ቢያዝን እጃቸውን ዘረጉ። "ያችን ወረቀት ወዲህ በላት።" ተቀብለው አራት አጥፈው ከኮታቸው ኪስ ከተቷት። አያ እንዳልካቸው እሳቸው ነበሩ። አባቴ ፊት ሊከሱኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ጌትነት ሮጦ ባጃጅ ቢያስቆምላቸው፣ ከእንግዲህ ማኪና የሚባል ነገር ውስጥ አልገባም አሉ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ አያ አላምረው እያነከሱ ከኋላ፣ ዳገቱን ተያያዙት።

ቢያዝን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የጓደኛው መኪና ኮሶዬ ላይ ተሰብሮ ሽማግሌዎቹን መንገድ ዳር ቆመው እንዳገኛቸው፣ መኪናው ደግሞ ሙሉ እንደነበር ነገረኝ። ሰባት ጊዜ ደወልኩልሽ አለኝ። ስልኬን በሥራ ሰዓት አጠፋለሁ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መንጃ ፈቃዱ እኔ ዘንድ፣ ወረቀቱ አያ እንዳልካቸው ኪስ ውስጥ ስለሆነ መንቀሳቀስ አይችልም። ተሳፋሪዎቹ ከተማው እዚያው ነውና በእግር መግባት ይችሉ ነበር። አንዳቸውም አልሄዱም። ባለቅርጫቷ ሴት መጨረሻውን ሳላይ ወዴት እሄዳለሁ ብላ ወረደችና ቢያዝንን ታጽናናው ጀመር።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ የያዝኩት የመገናኛ ሬዲዮ ጮኸ። የጣቢያው ተረኛ ነው። መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ግቢ ሦስት የማይታወቁ፣ አቧራ የለበሱ ሰዎች ገብተው ቆመዋል አለ። ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም፤ ውጡ ሲባሉ አይወጡም። የደወሉት ጎረቤታቸው እማማ ወለላ ናቸው። ሄዳችሁ አጣሩ።

የአገራችን ሽማግሌ ለጋብቻ ሄዶ የጠየቀው ሳይፈቀድለት አይቀመጥም። ይህን እማማ ወለላም ያውቃሉ፤ ግን ሽማግሌ ሲመጣ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ በመኪና ነው እንጂ ከወፍጮ ቤት እንደወጣ ሰው አቧራ ለብሶ አይደለም። ጌትነት ሞተሩን አስነሳ። ልጅቱ በሽማግሌ ቀን አትታይም፤ ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነው። ከኋላው ተፈናጠጥኩ።

ስንደርስ ሦስቱ ጽዱ ሥር ቆመዋል። አያ አላምረው አንድ እግራቸውን እያሳረፉ በሌላው ይቆማሉ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ናቸው። እማማ ወለላ በአጥሩ ላይ ወጥተው ሌቦቹን በጣታቸው ያሳዩኛል። ከአጥሩ ውጭ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ አሥራ ሁለቱ ተሳፋሪ ቢያዝንን መሀል አድርጎ ደርሷል።

"አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?" አሉ አባቴ።

"ስልክ ተደውሎ ነው፣ አባባ። ሥራ ላይ ነኝ።"

"እንግዲያው ሥራሽን ሥሪ።"

ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ቆቤን አስተካከልኩ። አያ እንዳልካቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልመናችንን ሰምተዋል፣ አሁን ደግሞ አንድ ማስረጃ አለን ብለው ያችን ወረቀት አወጡ። ልቤ ቡት ጫማዬ ውስጥ ገባ። አባቴ መነጽራቸውን አጥልቀው እንደ ስንክሳር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። የአሽከርካሪው ስም ቢያዝን። ጥፋቱ ትርፍ ሦስት ሰው መጫን። የከሳሿ ፖሊስ ስም ኮንስታብል የትነበርሽ ገብረ ኢየሱስ። የገዛ ስማቸው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። መነጽሩን አውልቀው ጠረጉና እንደገና፣ አሁን በልባቸው አነበቡት።

"ትርፎቹ እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን" አሉ መምሬ ወልደ ገብርኤል። "እኔማ ጤፍ ተብያለሁ።"

አያ እንዳልካቸው አንድ እርምጃ ቀረቡ። "መሪጌታ፣ ሹፌሩ የፈለገው መንገዱን ነው ብለው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል። መንገዱስ ይኸው፤ እኛን ሽማግሌዎቹን እንኳ አላሳለፈችንም። ማን እንደሆንን ካወቀች በኋላ ነው የፈረመችው፤ ቆሜ አይቻለሁ። እሱም አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ይህን ሁሉ ቀምሶ አሁንም ካገባት፣ የወደደው ማንን ይመስልዎታል?"

አባቴ አጎነበሱ። ትከሻቸው ይርገበገባል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ወደ እሳቸው ልሄድ ስል መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። እየሳቁ ነበር። መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ መምሬን እያዩ "ጤፍ" እያሉ፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። አባቴን እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። እኔም ዩኒፎርም ለብሼ ከሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። "በሉ ተቀመጡ። እዚህ ቤት ወንበር ሞልቷል፤ ትርፍ የለም።"

እናቴ ከውስጥ እልል አለች። አጥሩ ውጭ ያሉት አሥራ ሁለቱ ተቀበሏት፤ ባለቅርጫቷ ሴት ከሁሉም በለጠች። እማማ ወለላ ሌቦቹ ለምን አይታሰሩም ብለው ጌትነትን ይጠይቃሉ። አያ አላምረው ግን ማንንም አልጠበቁም፤ አግዳሚው ላይ "ተመስገን" ብለው ዘፍ አሉ። መምሬም፣ አያ እንዳልካቸውም ከጎናቸው።

ሬዲዮው ጮኸ። "ኮንስታብል የትነበርሽ፣ የሰዎቹ ጉዳይ ምን ደረሰ?"

አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ቁልፉን ተጫንኩ።

"ተቀምጠዋል" አልኩ። "ሦስቱም ተቀምጠዋል።"