ሃያ ሰባት ዜሮ

ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ጆሮው ይደነቁራል ይላሉ። የእኔ ግን ብሶበት ስል ሆነ። ሞተሩ ጋብ ባለ ቁጥር ሬዲዮኔን እከፍታለሁ፤ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ የተማርኩት ሁሉ ከእሷ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በአጭር ሞገድ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አንድ መንፈሳዊ ዝግጅት ስለ ዓለም ልክ ሲናገር ሰማሁ። ድንጋይን ወደ መሬት የሚስበው ኃይል ከዛሬው በጥቂቱ ቢበረታ ወይም ቢላላ ፀሐይ እንደ ፀሐይ ባልበራች፣ እኛም ባልኖርን አለ ሰውዬው። ይህን ያህል የተስተካከለ ነገር አስተካካይ የለውም ወይ?

እኔ የወፍጮ ድንጋይ ገጣሚ ነኝ። በላይኛውና በታችኛው ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት በፀጉር ያህል ቢሰፋ ጤፉ ሳይደቅ ይወርዳል፤ በፀጉር ያህል ቢጠብ ዱቄቱ ያርራል። ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ ያየ ሰው ገጣሚ መኖሩን ያውቃል፤ እኔን ማየት አያስፈልገውም። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ። "ጥቂት ስል ምን ያህል መሰላችሁ?" ብሎ ሰውዬው ሲጠይቅ ግን የሬዲዮዬ ባትሪ ሞተ።

ከወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊው አሕመድኑር ሳቀብኝ።

"የጌታን ሥራ በቁና ልትሰፍርለት ነው? አላህ ያለ ቁጥር አይታወቅም እንዴ?"

ለእኔማ ያለ ቁጥርም ይታወቃል። ቁጥሩን የፈለግሁት ለአናጢው ለካሳ ነበር።

ካሳ የማኅበር ወንድሜ ነው። አሥራ ሁለት ሆነን የሚካኤልን ጽዋ እንጠጣለን፤ በወር በወሩ፣ በአሥራ ሁለት ቀን፣ በየተራ ቤታችን። በዚያው ዓመት ሰኔ በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ብዙዬ የምትባል የሰባት ዓመት ልጁን ንዳድ በሦስት ቀን ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩንም ቤተ ክርስቲያኑንም ተወ። ልጠይቀው ስሄድ ሣንቃ እየላገ እንዲህ ይለኝ ነበር፦

"አንተ ብዙነህ፣ እኔ አናጢ ነኝ። ለክቶ የሚሠራ ሰው እንዲህ አያበላሽም። ዓለም እንዲያው ሆነ እንጂ ማንም አልሠራውም።"

ሬዲዮውን በሰማሁ በነጋታው መምህር ቢያድግልኝ ዘንድ ሄድኩ። የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ እሱም የማኅበር ወንድማችን። የሰማሁትን ነገርኩትና "ጥቂት ማለት ስንት ነው?" አልኩት። ጠመኔ የያዘ እጁን አራግፎ ትንሽ አሰበ።

"አንድ ብለህ ሃያ ሰባት ዜሮ ጻፍ ጋሼ። ኃይሉን በዚያ ሁሉ ከፋፍለህ አንዷን ብቻ ብታነሳለት ዓለም የለም።"

"ሃያ ሰባት?"

"ሃያ ሰባት።"

"መድኃኔዓለም!" አልኩ። ፈገግ አለ።

በሩጫ ነው ካሳ ቤት የደረስኩት። ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውርዶ ዜሮዎቹን ሣንቃው ላይ ጻፋቸው። ቆጠራቸው። ደግሞ ቆጠራቸው።

"በልጄ ቀን?"

"በልጅህ ቀን።"

"እንዲህ አድርጎ የሚለካ ከሆነ..." አለና እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰ። በእሑዱ ቅዳሴ ከወንዶች በኩል፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ አየሁት። በዚያው ሳምንት በቤቱ በር መቃን ላይ በመሮ ሃያ ሰባት ትንንሽ ክብ ቀረጸ። ሰው ሲጠይቀው "የዓለም ልክ ነው፤ ብዙነህን ጠይቁት" ይላል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ዓመት ሄደ። በሬዲዮ አንድ ነገር በሰማሁ ቁጥር መምህር ጋ እሄዳለሁ፤ እሱም ቁጥሩን ይሰጠኛል። የብርሃን፣ የውሃ፣ የጨረቃ፣ በኢምንቷ ቅንጣት ውስጥ ያለው ኃይል። በደብተሬ እጽፍና በማኅበር ላይ አነባለሁ። አንድ ጊዜ ከወጣቶቹ አንዱ "ልኩ ባይሆን ኖሮ የሚጠይቅ ሰውም አይኖርም ነበር፤ ምን ይደንቃል?" አለኝ። "ዱቄቱ ባይደቅ ኖሮ እንጀራ አትበላም ነበር፤ ታዲያ ስለበላህ ገጣሚ የለም ማለት ነው?" አልኩት። ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀው መምህር ነበር።

በ1998 የዚያ መንፈሳዊ ዝግጅት አድራሻ በሬዲዮ ሲነበብ ጻፍኩላቸው። ደብተሬን አሳትሞ ለሰንበት ትምህርት ቤት የመስጠት ሐሳብ ነበረኝ፤ ከዚያ በፊት ቁጥሮቹን እንዲያዩልኝ። ከአምስት ወር በኋላ በፖስታ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ መጣችልኝ። በሁለት ቀን ጨረስኳት። ነገሩን ሁሉ እኔ እንደገባኝ ታስረዳለች፤ አንድ ገጽ ላይ ግን ቀይ መስመር አሰመሩልኝ። የአንዳንዱ ልክ ስንት እንደሆነ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም ይላል፤ ስለዚህ አማኝ ከሚያውቀው በላይ ቁጥር አይጥራ፣ ሐሰት ለእግዚአብሔር ምስክር አትሆንም።

ደብተሬን ከጎኗ ዘረጋሁ። መጽሐፏ ቁጥር በሰጠችበት ቦታ እንኳ ከእኔ ጋር አንድም የሚገጥም የለም። አሥራ ሁለት። ሃያ አንድ። ሃያ ሰባት። ሃያ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ ሦስት። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ ባለወልድ፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ። ሰባት ዓመት ሙሉ የፈጣሪ ጣት ነው እያልኩ ስደነቅበት የኖርኩት የበዓላት ዝርዝር ነው ለካ።

መምህርን ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ፈተና ሲያርም አገኘሁት። መጽሐፏን አየ፤ ደብተሩን አየ። አልካደም።

"ከየት ላምጣው ጋሼ? እዚህ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ያለውን ታውቀዋለህ።"

"አላውቅም ብትለኝስ?"

"ለአንተ አላውቅም ማለት ቀላል ነው። ወፍጮ ገጣሚ ነህ። እኔ መምህር ነኝ።"

"የበዓል ቀን ለምን መረጥክ?"

"ደስ ይልህ ስለነበር።"

"ካሳስ?"

እርሳሱን አስቀመጠ። "ካሳን ያዳንኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሰባቷን እያወቅሁ ነው የሰጠሁህ፤ ልጅቷ የሞተችበት ቀን ጠፍቶኝ አይደለም። ይኸው ሰው ሆኖ ቆሟል። አብሽር፣ ይሄ ፈተና አይደለም፤ ማንም አያርመውም።"

"ታዲያ ራስህ አትነግረውም ነበር? ለምን በእኔ አፍ?"

"በእኔ አፍ ቢሆን አያምንም። የሚያምነው አንተን ነው።"

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። አሕመድኑር ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ "ምነው፣ ደህና ነህ?" ሲለኝ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ።

በሳምንቱ የሚካኤል ተራ የእኔ ነበር። ባለቤቴ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ ሁሉም ተሟልቷል። ጸሎት ተደረሰ፤ ጽዋው መዞር ጀመረ። ቂም የያዘ ሰው ያን ጽዋ አይነካም፤ ይህ የማኅበራችን ሕግ ነው። መምህር ቢያድግልኝ ያለ ምንም ሐሳብ ጠጣና "እንካ ጋሼ" ብሎ ወደ እኔ ዘረጋው። አልተቀበልኩትም።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌው ጋሽ አራጋው፣ ወዲያው አዩ።

"ብዙነህ፣ በገዛ ቤትህ?"

"አልችልም ጋሼ።"

"በማን ላይ ነው ቂምህ?"

ካሳ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ልዋሽ አሰብኩ። አመመኝ ልበል? ግን ለዚያ ጽዋ ውሸት ልጨምርበት ነው? ተናገርኩት። ከባትሪው ጀምሬ እስከ ባሕር ዛፉ ሥር። ስናገር ካሳን አላየሁትም።

መምህር ቀልጣፋ ነው፤ ወጥቶ ከደጅ ድንጋይ አምጥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና እግሬ ሥር ተደፋ። "ስለ ሚካኤል!" አሉኝ ሁሉም። "እግዚአብሔር ይፍታህ" አልኩ። አፌ ነው ያለው። ጽዋውን ተቀበልኩና ጠጣሁ፤ ወደ ካሳ ዘረጋሁ።

አልተቀበለኝም።

"ያች መጽሐፍ ሃያ ሰባቷን ምን ትላታለች?"

"ልኩ በጣም ጥብቅ ነው ትላለች። ስንት እንደሆነ ግን አልተስማሙም።"

"ሃያ ሰባት አይደለም።"

"አላውቅም፣ ካሳ።"

ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። "እሱስ ሰጠኝ" አለ መምህርን በአገጩ እያሳየ። "አንተ ነህ የወሰድክብኝ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በሰው ፊት።" ጽዋው በእጄ እንዳለ ወጣ። ጠላው እስኪጠነዛ ድረስ የያዝኩት ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ካሳ እህሉን ከታች ወዳለው ወፍጮ መውሰድ ጀመረ። መምህር ግን ቤቱ ይገባል ይወጣል አሉ፤ ይሳሳቃሉም አሉ። ጋሽ አራጋው አስጠርተው "ካሳ ሳይታረቅ ጽዋው አይሞላም። ቂሙ ያለው በአንተ ላይ ነው" አሉኝ። እውነት ተናግሬ ነው እኮ ጋሼ አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ያረጀ የወፍጮ ድንጋይ ስባሪ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ካሳ ደጅ ሄድኩ። ገበያተኛው ከየአቅጣጫው ያየኛል። አንገቴን እንደደፋሁ የበሩን መቃን በጎን አየሁት። ከክቦቹ ዘጠኙ በመላጊያ ተፍቀዋል፤ እንጨቱ ነጭ ሆኗል። አሥራ ስምንቱ አሉ። መፋቅ ጀምሮ ለምን እንዳቆመ አላውቅም።

"ካሳ፣ ስለ መድኃኔዓለም" አልኩ።

ከውስጥ የመላጊያው ድምፅ ቆመ።

"ምን ተሸክመሃል?"

"ድንጋይ።"

"ስንት ኪሎ ነው?" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ፌዝ አለ።

ገጣሚ ነኝ፤ ገምቼ ብናገር ከእውነቱ ብዙም አልርቅም ነበር።

"አልመዘንኩትም" አልኩት። "ከባድ ነው።"

መላጊያው ተመልሶ አልጀመረም። በሩም አልተከፈተም። ቆሜ ጠበቅሁ።